በርበሬው ውስጥ የነበረው ጨው

ውዱ ባለቤቴ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቅስናህን አክብሬ በሰው ፊት «እርስዎ» ስልህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እንደ ጓዳችን «አንተ» ልበልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ላሟን ሸጥናት። ታናሿ ልጅህ አምበር ከተማ ተድራ የሴት ልጅ እናት ሆናለች። ሰው ሁሉ በርትተሻል ይለኛል። መበርታት አይደለም፣ መደንዘዝ ነው። ተዝካርህን ያወጣሁት የሌላ ሰው ድግስ እንደማግዝ ሆኜ ነው።

የምጽፍልህ ስለ ጨው ነው። ደብረ ማርቆስ ያየህ ሐኪም ደም ግፊት አለብህ፣ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ፣ ጨው ቀንስ አለህ። እኔ መናኸሪያ ሳንደርስ ማልኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወጤ ላይ ጨው አይነሰነስም ብዬ። የጨው ዕቃውን ከዱቄት ማድጋው ኋላ ደበቅሁት። አንተም ማዕድ ላይ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እያልክ ትቀልድብኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አምሳ አምስቱን ቀን ሽሮ በላህ። ቅቤ የለ፣ ጨው የለ ብዬ ኮራሁ። ስትለካ ግን ግፊቱ ፈቅ አላለም። ሐኪሙ ደብቀህ የምትበላ መሰለው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ጠረጠርኩህ። ከማኅበር፣ ከክርስትና ድግስ በተመለስክ ቁጥር ምን በላህ እያልኩ እንደ ፖሊስ መረመርኩህ። ምንም አልበላሁም ብለህ ሁለት ቀን አኮረፍከኝ። በፋሲካ ማግስት ወደቅህ፤ ከዚያ በኋላ አንደበትህ አልተመለሰም።

አምና እኔም ግፊት ተገኘብኝ። የጤና ባለሙያዋ የልጃችን እኩያ ናት። ወጥ ላይ ጨው አልጨምርም ስላት፣ በርበሬውን ስትደልዢ ታስገቢበታለሽ ወይ አለችኝ። አዬ! የማያስገባ ማን አለ? ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ከነጨው አብሮ ተወቅጦ ነው የሚሰጣው። ሽሮውም ሲፈጭ እንዲሁ። እናቴ ያሳየችኝ ነው፤ በርበሬ እንጂ ጨው ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ለካስ ከወጡ ያስቀረሁትን ጨው በበርበሬና በሽሮ እያደረግሁ ሳበላህ ኖሬያለሁ።

ያንተን ነገር አንስቼ ነገርኳት። ሁሉንም ጥፋት በራስሽ ላይ አታድርጊ፣ በሽታው ብዙ ምክንያት አለው አለችኝ። እሺ አልኳት፤ አላመንኳትም።

ዘንድሮ ያለ ጨው ደለዝኩ። ጎረቤቶቻችን ይበላሻል ብለው ጮሁብኝ። በደንብ ደረቀ፣ ምንም አልሆነም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አበዛለሁ፤ ጨው የግድ ካሰኘኝ መጨረሻ ላይ በጣት ቆንጠር አድርጌ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ገለባ የማኝክ መሰለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ምላሴ ለመደ። አሁን ሰው ቤት ስበላ ጨው ጨው ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ተለካሁ። ከክኒኑ ጋር ተጋግዞ ግፊቴ ወርዷል። ባለሙያዋ ደስ ብሏት እጄን ጨበጠችኝ። እኔ ያሰብኩት ያንተም ሊወርድ ይችል ነበር ብዬ ብቻ ነው።

አልረሳህም። በቁሜ እስካለሁ፣ እዚሁ በምንኖርባት በሮብ ገበያ በርበሬ በሚደለዝበት ደጅ ሁሉ እሄዳለሁ። ጨው ሊያስገቡ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ስምህን አነሳለሁ፤ ባለቤቴ ደብቆ አልበላም፣ ያበላሁት እኔ ነኝ እላለሁ።