ምስጥን ከጉንዳን ላዛመዱት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የሙዚየማችን ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በምድር ቤቱ የነፍሳት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሠራተኛዎ፣ ከዓመት ፈቃዴ ስመለስ ለእንግዶች ጉብኝት ሲባል የዋሉልንን ውለታ አይቼ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. ምስጥን ከበረሮ ጎን አንስተው ከጉንዳን ጋር ስላኖሩልን እናመሰግናለን። እኛ የዋሆቹ፣ ምስጥ የበረሮ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ጉንዳን ደግሞ ከተርብና ከንብ ወገን ነው እያልን፣ ክንፍና መንጋጋ በአጉሊ መነጽር ስናነጻጽር ዓይናችንን አጠፋን። እርስዎ ግን በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሁለቱም ጥቃቅን ናቸው፣ ሁለቱም በመንጋ ይርመሰመሳሉ ብለው አዛመዷቸው። በዚህ አያያዝ እኔና እርስዎም አንድ ሕንጻ ውስጥ ስለምንርመሰመስ እህትና ወንድም ሳንሆን አንቀርም፤ እግዜር አያድርገው።

፪. የቀሩትን ነፍሳት በቀለም ስለደረደሩልን። ልብስ መደብር እንኳ የወንድና የሴት ይለያል።

፫. እዚህ ላይ ጨዋነቴ ያልቅብኛል። ከእያንዳንዷ ጥንዚዛና ቢራቢሮ ሥር በመርፌ የተሰካችውን፣ የተያዘችበትን ቦታና ቀን የምትናገረውን ቁራጭ ወረቀት፣ ፎቶ ታበላሻለች ብለው አስነቅለዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ከቆሻሻ ያተረፈችልኝን ፌስታል ስከፍት ከላይ ያገኘሁት የሟቹን አስተማሪዬን የእጅ ጽሑፍ ነው። እሳቸው፣ ዛሬ ተመንጥሮ ካለቀ ጫካ፣ ሁለት የጥንዚዛ ወገኖች ከአንድ የዘር ግንድ መምጣታቸውን የምታሳይ አንዲት ጥንዚዛ አምጥተው ነበር። ሌላ የለችንም። ወረቀቷ እጄ ላይ ናት፤ ከጥንዚዛዎቹ መካከል ይህቺ ትሆናለች ብዬ ብገምት ግን ግምት ምስክር አይሆንም። ክቡር ሆይ፣ በረሮ በባዶ እጄ ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መጸየፍ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ፌስታል የከፈትኩ ዕለት ነው።

ውሳኔዎ እንደፈጠነ ሁሉ ዝውውርዎም እንዲፈጥንልዎ ከልብ የምመኝ፣
የነፍሳት ክፍል ሠራተኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያቺን ጥንዚዛ ለማየት ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ሲጻጻፉ የቆዩት ተመራማሪ ሰኞ ጠዋት ይገባሉ። በቀጥታ ወደ ቢሮዎ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። የትኛዋ ናት ብለው ቢጠይቁዎ፣ ቡናማዋ ናት ይበሏቸው። ቡናማዎቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።