ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር

ሰኞ፣ ማርች 2፣ 2009

ከሥራ ስገባ ጋሹ ሶፋው ላይ። ስልኩ ደረቱ ላይ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው። «ደወሉ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይሠራበት የነበረው መጋዘን፣ ዌርሃውሱ፣ ከቀነሰው ከጥር ወዲህ ባሌ የሚጠብቀው ይህንኑ ስልክ ነው። «እንጠራችኋለን ብለዋል እኮ፣ ዘኔ...» ብለዋል። ምን ያላሉት አለ?

ዛሬም ደብል፣ ሁለት ፈረቃ ሠራሁ። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሰው ሳነሳ፣ ሰው ሳጥብ ውዬ ቤት ስመጣ የሚነሳ ሌላ ሰው ይጠብቀኛል። ምስር አሞቅሁ፤ በላን። ጫማዬ ከእግሬ አልወጣ ብሎ ልጄ ሔራን ጎትታ አወለቀችልኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ስለ ትምህርት ቤቱ አውቶብስ ነገርኩት። አብራኝ የምትሠራው ታደለች ነች የነገረችኝ፤ ባሏ ገብቶበታል። ዋይሊ ከተማ ውስጥ ሾፌር ይፈልጋሉ፣ ራሳቸው ያሠለጥናሉ፣ ኢንሹራንስም አለው። ምዝገባው እስከ ፋሲካ ነው። «እሺ» አለ። የጋሹ እሺ... «ተይኝ» ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህ ይጠፋኛል?

ቅዳሜ፣ ማርች 7

ጉድ መጣ። ከማዶ ያለችው ሚስስ ካሮል፣ በገና ሰሞን ባሏ የሞተባት፣ ጋሹን ጠርታ መኪና ሰጠችው። በነፃ! ኤምጂ የሚባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ የ1964፣ አረንጓዴ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ። አይነሳም። አባትና ልጅ እየገፉ፣ እኔ መሪ ይዤ መንገዱን አሻገርነው።

«ከመጽሐፎቹ ጋር ካልሆነ አልሰጥህም» አለችው። ሁለት ካርቶን ሙሉ! የጥገና ማንዋል፣ የዕቃ ካታሎግ፣ የክለብ መጽሔት... ሟች ባሏ ማታ ማታ ሲያነብ የሚያመሸው ይህን ነበር አሉ። ማንዋሉ ላይ የአውራ ጣቱ ግራሶ ገጽ በገጽ አለ።

ጋሹ ኮፋኖውን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ፊቱን አየሁት። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። የት እናቆመዋለን ልል የነበረውን ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የእንግሊዞቹ። ጋሹ የመንገድ ምልክት፣ የሥራ ማመልከቻ እንደምንም ይገፋል። መጽሐፍ ግን አይደፍርም። ሔራንን አንብቢልኝ አላት። ልጄ እንደ ዜና አንባቢ አወረደችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ላይክ... ያን ነገር ታወጣለህ፣ ከዛ ሌላውን ነገር...»

«የቱን ነገር?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ዳድ! ዘ ቲንግ!»

ለእሷ አማርኛው የለም፣ ለእሱ እንግሊዝኛው የለም። ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። አሁን ማታ ማታ ጋራዡ ውስጥ እግሬን ባልዲ ላይ ሰቅዬ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ። እኔ ስፓርክ ፕለግ ስል እሱ ካንዴላ፣ እኔ ክላች ስል እሱ ፍሪሲዮን። የምዕራፉ ሁሉ መጨረሻ አንድ ነው፦ «አገጣጠሙ የአፈታቱ ግልባጭ ነው።» ጸሐፊው ይህን ይልና እብስ! ጋሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እግሬን ግን እያመመኝ ነው።

እሑድ፣ ማርች 15

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካርቡራቶር። ራሴን አመመኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 18

አውቶብሱን እንደገና አነሳሁ። «መኪናው ይነሣና...» አለኝ። «ደግሞስ ዌርሃውሱ ቢጠራኝ?» እኔ ደግሞ፣ «አይጠሯችሁም፣ ጋሹ። ሕንፃው ላይ የሚከራይ የሚል ተለጥፏል፣ ሳልፍ አይቻለሁ» አልኩት። «የሌላ ሕንፃ ይሆናል» አለ። ይሁና።

እሑድ፣ ማርች 22

ዛሬ ባትሪ። አዲስ ገዝቷል። ቦታው ከመቀመጫው ኋላ ነው፤ ጋሹ ግማሽ አካሉ እዚያ ገብቶ እኔ ማንዋሉን ይዤ። አነበብኩለት፦ ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር ይታሰራል።

«ኔጋቲቩ» አለኝ ከውስጥ።

«አይ፣ ፖዘቲቩ ነው የሚለው።»

«ዘኔ፣ አገር ቤት እድሜዬን ጋራዥ ነው የፈጀሁት። ፖዘቲቭ ከቦዲ ጋር የሚያስር ጤነኛ የለም። ደክሞሻል፤ ገልብጠሽ ነው ያነበብሽው።»

መልሼ አየሁት። ፖዘቲቭ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ፊደሉ ይዋኝብኛል... ተሳስቼ ይሆን? «እንደፈለግክ አድርግ» አልኩት። ለምን አልኩ?

አሰረ። ቁልፉን አዞረ። አንዴ፣ ሁለቴ... ተነሣ! ሔራን ከቤት እየሮጠች ወጣች። ድካሙን ረስቼ አጨበጨብኩ። ጋሹ መሪውን ጨብጦ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ከዚያ ሽታ፣ ከዚያ ጭስ... ኮፋኖው ሥር ካለችው ጥቁር ሣጥን፤ ባትሪው ሲሞላ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ሮጦ ሽቦውን ነቀለ። ሣጥኗ ግን አለቀላት።

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ሶፋ። ስልክ ደረት ላይ። ጋራዡ ተዘግቷል።

ሐሙስ፣ ማርች 26

ሳላነብ ብቀር ኖሮ ጥፋቱ የኔ ነበር። አንብቤአለሁ! ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባላል፤ በቤቱማ ጭራሽ። ቲቪ ያለውን ያምናል። ዌርሃውስ «እንጠራችኋለን» ያለውን ያምናል። እኔ ስናገር ብቻ ደክሞኛል። አዎ ደክሞኛል! ማን አደከመኝ? የሚከራይ የሚለውንስ ገልብጬ ነው ያነበብኩት? አውቶብሱንስ?

ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ልለው ይገባኝ ነበር። አላልኩትም። መጦሪያው ውስጥ ፎጣ ሳጣጥፍ እንባዬ መጣ። ታደለች አየችኝ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ፎጣውን ከእጄ ተቀብላ ማጣጠፍ ቀጠለች። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ሚስስ ካሮል በሩን አንኳኳች። «የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ሆነ?» ነገርኳት። ሳቀች... እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ባሏም መኪናውን የገዛ ሰሞን ያንኑ አቃጥሎ ኖሯል! «ማንዋሉን እይ ብለው አውቃለሁ አለኝ» አለች። ያኔ የነበሩት የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው አሉ፣ ግልባጭ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲገዛ ሁለት ሁለት ነበር። ተመልሳ ሄዳ ትርፏን ሣጥን ይዛ መጣች፤ ካርቶኗ እንኳ አልተከፈተም። ስትሰጠኝ እጇ ትንሽ ቆየ እንጂ ቶሎ አልለቀቀም።

ጋሹ ሶፋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ለዚህ ለዚህማ እንግሊዝኛው አያንሰውም። እኔ ስለው ድካም፣ ካሮል ስትለው እውነት... ተናድጄ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2

ስገባ ሶፋው ላይ የለም። የጋራዡ መብራት በርቷል። በበሩ ቀዳዳ አየሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ ማንዋሉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቱ ፊደሉን እየተከተለ... «ፖ... ዚ... ቲቭ።» ልጅ ሆኖ ታየኝ፤ አንጀቴን በላኝ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ሳልገባ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም። እስከ ረፋድ ልተኛ ነበር ሐሳቤ። «ዘኔ፣ እስቲ ነይ አንብቢ» አለኝ። ሣጥኗን ገጥሟታል። ሁለቱን የባትሪ ገመዶች በሁለት እጁ ይዟል።

«አንብበኸው የለም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። አንቺ በይው።»

ማንዋሉን ሳልገልጥ፣ «ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር» አልኩት። እንዳልኩት አሰረ። ተነሣ። ቆመን ጠበቅን... ጭስ የለም።

ታርጋ ስለሌለው ከሰፈር አልወጣንም። ዞርን፣ ዞርን። ሚስስ ካሮል በሯ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችን። ነፋሱ ነጠላዬን ይጎትታል፣ ወንበሩ እንደ በርጩማ ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ስቶፕ ምልክቱ ጋ ቆመና መሪው ላይ አቀረቀረ።

«ዘኔ።»

«እ?»

«ይቅር በይኝ እንግዲህ... ያ የአውቶብሱ ምዝገባ፣ የት ነው ያልሽው?»

ነገርኩት። ደግሜ ነገርኩት። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋብን።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ሶፋው ባዶ። ስልኩን እዚያው ረስቶት ዋይሊ ሄዷል፤ ሔራን ናት የነገረችኝ። ስልኩን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫማዬን አወለቅሁ። ተጋደምኩ... ይህ ሶፋ እንዲህ ምቹ ነበር?