ስልክሽ ከእኔ ጋር ነው

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

አፍንጫዋ ከእሷ ቀድሞ ለሚደርሰው ለልጅ ልጄ ለወለላ፤

ክንድሽ ገጠመልሽ ወይ? እኔ ከእርጅናው በቀር ደኅና ነኝ። ያለሽበትን አገር ስም በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፍም። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በጉያቸው ሸጉጠው ያደርሱልሻል፤ አንብበሽ አቃጥዪው።

ደብረ ወርቅ አክስትሽ ቤት ተሸሽገሽ ሳለ ባልሽ አበረ ደርሶ ክንድሽን የሰበረሽ ጊዜ፣ «መደበቂያዋን ማን ነገረው?» ብለን ዘመዱን ሰብስበን አውጫጭ ተቀመጥን። ሁሉም በኪዳነ ምሕረት እየማለ ተነሣ። ወንድምሽ አማረም ማለ፤ ግን የአበረ ጓደኛ ነበርና ማንም አላመነው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቆላ ወረደ፤ እስካሁን ወሬው የለም። ጥለሽው የሄድሽው ስልክ ያን ጊዜ መካከላችን መደቡ ላይ ተጋድሞ ነበር። እሱን «ማል» ያለው የለም።

ኋላ ነገሩን የገለጠችልኝ ሉማሜ ከተማ ስልክ የምትጠግነው ዘመናይ ናት።

«አባባ፣ ባሏ ስልኩን ሲገዛላት የከፈተላት በራሱ ምስጢር ቁጥር ነው። የትም ትሂድ፣ በእጁ ስልክ ላይ ካርታው ያሳየዋል» አለችኝ።

«እኛ ዘመድ ስናስምል የነገረው ይሄው ስልክ ኖሯል?»

«አዎ። አሁንም የት እንዳለ ያየዋል። ላጥፋው?»

«ተዪው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ከእኔ ጋር ነው። ሲደክም ገበያ ወርጄ ቻርጅ አስደርገዋለሁ። እንዳንቺው ሆዳም ነው፤ ቶሎ ይርበዋል።

ባለፈው ሰንበት አበረ መጣ።

«የት አለች?»

«ባሏ አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«እዚህ እንዳለች አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ፈልጋት። ስታገኛት ምሳዬን እንድታቀርብልኝ ንገርልኝ» አልኩት።

ጎተራውን ሳይቀር በረበረ። ስልኩ ከዳዊቴ ጋር ማኅደሩ ውስጥ ነበር። ሰው መምታት አይፈራም፤ ዳዊት መንካት ግን ይፈራል።

ፊደሌ ቢንጋደድብሽ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። በዚያው ዕለት ከበቅሎ ወደቅሁ። በቅሎዋን ሸጠናት የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል፤ የወደቅሁት ከሰው በቅሎ ነው። ሌላ አትጠይቂኝ።

ተመልሶ ይመጣል። ይምጣ። እዚህ የሚመላለስ ሰው አንቺ ዘንድ አይደርስም።

አዲስ ስልክ ከገዛሽ ራስሽ ክፈቺው። ምስጢር ቁጥርሽን፣ ነገ የሚወድሽ ሰው እንኳ ቢለምንሽ፣ የክርስትና ስምሽን ከጠንቋይ እንደምትሰውሪ ሰውሪው። ፌስቡክ ላይ ፎቶ አትለጥፊ፤ መልክሽን እኛ እናውቀዋለን። አማረ ድንገት ካለሽበት ብቅ ካለ ንጹሕ ነው፤ ራት አቅርቢለት።

የእኔን መርዶ ብትሰሚ አትምጪ። ለቅሶው ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። እዚያው ሆነሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አልቅሺልኝ፤ ድሮም ስታለቅሺ እንደ ፍየል ነው።

የረገጥሽው መሬት ዱካሽን ይዋጥልሽ። ስምሽን የሚጠራ ሁሉ ወዳጅሽ ይሁን።

አያትሽ ገዳሙ

ባትሪው ሙሉ ነው።