የስድስት ልጆች አባት

ሰኞ

«የስድስት ልጆች አባት፣ የአሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ» ተብሎ ሲነበብ፣ እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ነበር። ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ መሰለኝ። እውነትም ስለ ሌላ ሰው ነበር።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ዛሬ አባባ ታደሰን ቀበርን። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጎረቤት የሚወዳቸው ሰው ናቸው። ከእማማ ዘነበች ጋር አርባ ምናምን ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እማማ ዘነበች ፊት ስለ ልጅ እንኳ ተጠንቅቀን ነው የምናወራው።

እኔ ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ሮማን ስትጽፍ ድንጋይ ታስለቅሳለች» ይሉኛል። እኔም አምኜ ቁጭ! አፈር ልብላ።

ልጄ ቤዛ ታብሌቱን ሰጥታኝ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ካሳየችኝ ወዲህ ሥራው ቀሎኝ ነበር። በግራ በኩል የሌላ ሟች ታሪክ የወጣበትን ድረ ገጽ እከፍታለሁ፣ በቀኝ በኩል የእኔን ወረቀት። ከግራ ጥሩ ጥሩውን ኮፒ አደርግና ወደ ቀኝ አሻግራለሁ፤ ከዚያ ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውን እቀይራለሁ። «በሰው ወዳድነታቸው የሚታወቁ»፣ «ለተቸገረ ደራሽ» ምናምን። ለማን አይሆንም? ትናንትም እንዲሁ አደረግኩ። ኪቦርዱ ሲወጣ ግማሹን ገጽ ይሸፍናል፤ የመጨረሻዋ መስመር፣ የልጆቹ፣ ከሥሩ ተደብቃ ቀረች። ዊንጌት አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ሳላነበው ለሊቀመንበራችን ለጋሽ መኮንን ሰጠሁት።

እሱም ቀድሞ ሳያየው ቀብሩ ላይ አነበበው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቀና ብሎ ፈለገኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እማማ ዘነበች ለቅሷቸውን አቆሙ። ሬሳ ሳጥኑን ያዩ ጀመር።

ማክሰኞ

ድንኳን ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ጋሽ መኮንን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ምንድን ነው ያስነበብሽኝ አንቺ?»

«ከቤተሰብ የተሰጠኝን ነው የጻፍኩት ጋሼ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሰውዬው ዓይኑን አፍጦ አየኝና «እንዲያ ከሆነማ...» ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ቤተሰብ ከሰጠኝ እኮ እውነት ነው ማለት ነው!

ከሰዓት ዘይነባ ሱቅ ጎራ አልኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ሰማሽ ሮሚ? ልጆቹ ሸጎሌ ናቸው አሉ።»

«የምን ልጆች?»

«የአባባ ታደሰ ነዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሸጎሌ ይሄዱ አልነበር? እኛ ሞኞቹ የከብት ገበያውን ነጋዴዎች መኪና ጎማ ሊጠግኑ ነው እንላለን። ያ አላህ! ስድስት!»

«ሰው ዝም ብሎ ያወራል» አልኩ።

«እንዴ፣ አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ። ቤት ክብሪት ሞልቷል።

ረቡዕ

ዛሬ ሰልስት ነው። ላለመሄድ አሞኛል ልል ነበር፤ ጸሐፊ ሆኜ ብቀር ይብስብኛል ብዬ ሄድኩ። በር ላይ እንዳለሁ እማማ ዘነበች በእጃቸው ጠሩኝ። ጓዳ አስገብተው መጋረጃውን ሳቡት።

«ሮማን ልጄ፣ አንቺ ወረቀት የምታዪ ሰው ነሽ። እኔ ያላወቅሁትን አውቀሽ ይሆናል። ታደሰ ልጅ ነበረው?»

ድምፃቸው ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው እኮ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘውኛል።

«እስቲ... ማለቴ... ላጣራ እማማ።»

ላጣራ! ከማን ነው የማጣራው? ከታብሌቱ? ወጥቼ ከድንኳኑ ኋላ ቆምኩና አለቀስኩ። አንዷ አይታኝ «አይዞሽ፣ አባባን ትወጃቸው ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ።

ሐሙስ

ራስ ምታት። ምሳ አልበላሁም።

ቤዛ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ተወች። «እማዬ፣ እስካሁን አልነገርሻቸውም?» ነገ እነግራለሁ አልኩና ምን ብዬ እንደምነግር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦

ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሌላ ሰው ወረቀት አቀላቀለ።
ታብሌቱ በራሱ ጊዜ ጻፈው።
መነጽሬን ስላላደረግኩ ነው።
ገልብጬ ነው።

ቤዛ ሦስቱን ሰረዘቻቸው። ከማን እንደወጣች እንጃ፤ ከእኔስ አይደለም።

ዘይነባ ደወለች። እማማ ዘነበች የአባባን ቁልፍ ያለውን ሳጥን አስከፍተው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ለሰው እያስነበቡ ነው አለች። ማንበብ አይችሉም እኮ። እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት። እኔ፣ ነጠላ ለብሼ ከሴቶቹ ጋር የማለቅሰው።

ዓርብ

ታብሌቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። እማማ ዘነበች በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

«ግቢ። ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ማንን እማማ?»

«የወንድሜን ልጅ ሸጎሌ ልኬዋለሁ። ካሉ ፈልጎ ይዟቸው እንዲመጣ። የአባታቸው ለቅሶ ነው፤ እህል ይቅመሱ፣ ፎቶውን ይዩ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩና «የሉም» አልኩ። «እማማ፣ የሉም። የእኔ ጥፋት ነው። ከሌላ ሰው ገልብጬ ነው። ከቤተሰብ ተሰጠኝ ያልኩትም ውሸት ነው።»

አልገባቸውም። ታብሌቱን ከፈትኩና ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። በግራ ያለው የማናውቀው ሰው ነው፣ ስድስቱ ልጆች የእሱ ናቸው፤ በቀኝ ያለው አባባ ናቸው፤ ይቺን መስመር ከዚህ ወደዚህ አሻግሬ ሳላጠፋት ቀረሁ አልኳቸው። በጣቴ ከግራ ወደ ቀኝ አሳየሁ። እሳቸውም በጣታቸው ተከተሉኝ።

«ሰኞ ረገምኩት» አሉ። «ማክሰኞም ረገምኩት። አርባ ዓመት መካኗ አንቺ ነሽ ስባል፣ እሱ ሌላ ቦታ ይወልዳል ብዬ። ረቡዕ ግን... እሱን የሚመስል አንድ ሰው እንኳ በዚህ በር ቢገባ ብዬ አሰብኩ። ስሚኝ ብዬ ማርያምን ለመንኩ። አንቺ ሰኞ ስድስት ልጅ ሰጠሽኝ፣ ዛሬ መልሰሽ ወሰድሽብኝ።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እዚያው እገላገል ነበር።

ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ገጽ ነካ አደረጉ። «ይሄን ሰውዬ እስቲ አንብቢልኝ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ለማያውቁት ሰው። እኔ አሥር ጊዜ አንብቤው አንድም ጊዜ አላልኩለትም።

«በይ አሁን እሱን ዝጊው። የታደሰን ጻፊ።»

ዘጋሁት። የአባባ ገጽ ስክሪኑን ሞላው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲጋቡ አባባ ጫማ ተውሰው ነበር። ሐኪም ይፈራሉ። ሲቆጡ ሬዲዮ ያጮኻሉ። ሸጎሌ የሚሄዱት አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛቸውን ፀጉር ሊያስቆርጡ ነበር፤ እማማም የተጠራጠሩት በዚህ ሳምንት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘጠኝ ቤት አልፌ እየኖርኩ አላውቅም። ልጅ ጋ ስንደርስ አቆምኩ።

«አልወለዱም ብለሽ ጻፊ። አታሳምሪው።»

የወንድማቸው ልጅ ብቻውን ተመለሰ። ለእሱም ራሳቸው ነገሩት። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ

የዕድር ስብሰባ። ጋሽ መኮንንን ቀደም ብዬ አግኝቼ ነገርኩት። «ዋሸሽኝ» አለኝ። ከሁሉ ያቺ ቃል ናት ያቃጠለችኝ።

ቆሜ ተናገርኩ። ልጆቹ የሌላ ሰው ናቸው፣ የጻፍኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ አልኩ። ከዚያ አዲሱን አነበብኩ። ጫማ መዋሱ ጋ ሰው ሳቀ፣ ሐኪሙ ጋ ሳቀ፣ ሬዲዮው ጋ ጎሚስታ ቤት አብረዋቸው የሠሩ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ልጅ አልወለዱም» የሚለውንም ሳላሳምር አነበብኩ።

አበቃ ስል ግርማ ከኋላ እጁን አወጣ። እናቱን አምና ነው የቀበርነው።

«የእናቴስ?»

«ግማሹ ከሌላ ሰው ነው ግርማ» አልኩት። ቁጭ አለ። በጸሐፊነቴ መቀጠል ላይ ሰው እንዲነጋገርበት ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ደግ አደረጉ። እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር።

ሰው ሲበተን ቶሎ ልሸሽ በጎን በኩል ወጣሁ። እማማ ዘነበች ግን ደረሱብኝና ክንዴን ያዙ። ሊደገፉ ነው ብዬ ቆምኩላቸው።

«ማክሰኞ ነይ» አሉኝ። «የኔን ከወዲሁ እንጽፈዋለን። ስሞት የሚያርምልኝ ልጅ የለኝም፤ በሕይወቴ እያለሁ እኔው ሰምቼ ላርመው።»

እሺ አልኩ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ሌላ የሚጽፍላቸው አጥተው፣ አልጠየቅኋቸውም።