የአባባ ሞተር አዲስ ገመድ

ለወንድሜ ለክራሲሚር፣

የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከወይናችንና ከዶሮዎቻችን ጋር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አሁን ቁጭ በልና ስማኝ! የአባባን ሞተር የፍሪሲዮን ገመድ፣ ያንን ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ ከሚጨበጠው እጀታ የሚመጣውን፣ ራሴ ቀየርኩት። ባሌ ዶብሪ «ደነደነ፣ አልጨበጥ አለኝ» እያለ ቢያስቸግረኝ አሮጌውን መዝዤ አወጣሁ። አዲሱን ልክ አባባ ያደርግ እንደነበረው ሰቅዬ፣ በተጠቀለለ ወረቀት ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግኩ ከታች እስኪወጣ ጠበቅኩ። እጀታው ላይ የሳንቲም ውፍረት ያህል አላላሁለት። በሁለት ጣት ይጨበጣል፤ ቅቤ ነው!

ዶብሪ ሞክሮት «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼማ ብሶበታል!» አይለኝ መሰለህ?

«እንግዲያው ከኋላ ተቀመጥ፤ እኔ እነዳለሁ።»

«መንደሩ ይሳቅብኝ?»

«ይሳቅ! ጥርስ ያለው ይሳቅ!»

በቅዱስ ትሪፎን ቀን እንደ ወጉ ወይን ልንከረክም ስንሄድ እኔ ነዳሁ፤ አቤት ደስታዬ! ጎረቤቶች አጨበጨቡልን። ሌላ ጊዜ በግራው ቅርንጫፉን ይዞ በቀኙ የሚቆርጠው እሱ ነበር፤ ዘንድሮ እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ቆረጠ። የተቆረጠው ላይ ወይን ጠጅ አፍስሰን፣ የተረፈውን ጠጥተን እየዘፈንን ተመለስን። ግራ እጁን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት፤ በረደኝ ስላለ ነው።

ለፋሲካ ስትመጣ እጀታውን አንተም ጨብጠህ ታየዋለህ። ዶብሪ ፊት ግን ደንድኗል በል፤ አደራ።

ልጆቹን ሳሚልኝ ብላለች ብለህ ለሚስትህ ንገራት። አንተንም አንገትህን አቅፌ ስሜሃለሁ።

እህትህ ራድካ