እጃቸውን ሳያወርዱ ያረፉት የወይዘሮ ማዘንጊያ አያሌው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማዘንጊያ አያሌው ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ዓባይና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበሩ በቀለ በ1946 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ የልብስ ስፌት ሙያም ተምረዋል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ላይ «ተግባቢ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበሩ» ማለት የተለመደ ነው። ወይዘሮ ማዘንጊያ ተግባቢ አልነበሩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ችክ ያሉ፣ የያዙትን የማይለቁ ሰው ነበሩ። ትሑት ነበሩ ብንል ከሣጥኑ ውስጥ ሆነው ያርሙናል።

በ1977 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ከበየነ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ቆይተው ካርቱም ገቡ፤ ሪያድ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤትም ለስምንት ዓመት በሠራተኛነት አገለገሉ። በየነን ታይፕ ያስተማሩት ከዚያው ደመወዝ ቆርጠው ነው። በዚያ ትምህርት ምን እንደሠራበት ወደፊት ይነገራል። በ1983 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ ጸጋዬ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ጸጋዬ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሊቢያ እንደሄዱ በዚያው ቀሩ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ልጅ አልወለዱም።

በ1987 ዓ.ም. ዴም ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት ጀመሩ። ቀን ቤት ስለሚውሉ፣ ሌሎቻችን ሥራ ውለን ስንመጣ የማንሰማውን እሳቸው ሰሙ። በየግቢው፣ ከውጭ በተቆለፉ ክፍሎች ውስጥ ልጆች ያለቅሱ ነበር። እናቶቻቸው አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው፤ ሪያድ በየቪላው ውለው አድረው የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፤ በራሳቸው ልጅ ላይ ግን ዳቦና አንድ ጀሪካን ውኃ አስቀምጠው ይቆልፉበታል፤ አንዳንዴ ማታ ማታ፣ አለዚያም ጁምዓ ይመጣሉ። ከዚያው መንደር መሐል ደግሞ ሰፊ፣ ማራገቢያ የተገጠመለት፣ ከእሑድ በቀር የማይከፈት አዳራሽ ነበር። ይኸው አሁን የተቀመጥንበት የመረዳጃ ማኅበራችን አዳራሽ ነው።

ማኅበሩ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ያደርጋል። የአጀንዳው የመጨረሻ ተራ «ልዩ ልዩ» ነው፤ ማንም አባል እጁን አውጥቶ የፈለገውን የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። በ1987 ሰኔ ወይዘሮ ማዘንጊያ እጃቸውን አወጡና ጠየቁ፤ «አዳራሹ ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ቀን ቀን ለልጆቹ ለምን አይከፈትም? ጠባቂዋ እኔ እሆናለሁ።» ይታሰብበታል ተባለ። በ1988 ያንኑ ጠየቁ፤ ይታሰብበታል ተባለ። በ1989ም፣ በ1990ም እንዲሁ። በ1991 የሊቀ መንበሩ ትዕግሥት አለቀ። «ያ ኡኽቲ፣ ኸላስ፣ በቃ እኅቴ! አንቺ ራስሽ ልጅ የለሽ፤ የሰው ልጅ ምን አገባሽ? አባታቸው የማይታወቅ ልጆች ሰብስበን ስማችንን እናስጠፋ?» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። የሊቀ መንበሩን ስም እዚህ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያጨበጨቡትም ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላቸው አሉ።

በ1992ም ጠየቁ። በ1993 ሚያዝያ፣ አየሩ እንደ ምድጃ በሚነድበት ሰሞን፣ ሪያድ የምትሠራው የሬሕማ ሁለት ልጆች እንደተቆለፈባቸው ሁለት ቀን ዋሉ። አሠሪዋ እንግዳ ስላለብን አትወጪም ብላት ነው። ወይዘሮ ማዘንጊያ ድምፅ ሰምተው ቁልፉን በመዶሻ ሲሰብሩ፣ የስድስት ዓመቷ ኒዕማ በሕይወት ተገኘች። የአራት ዓመቱ ሳሊህ ሞቶ ነበር። ያ የቆርቆሮ ቤት ከዚህ አዳራሽ በር አርባ እርምጃ ነው። የቈጠሩት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ምን እንደሚናገሩ ሁሉም ያውቅ ነበርና ሊቀ መንበሩ «ልዩ ልዩ» ከአጀንዳው ይውጣ ብለው አዘዙ። የማኅበሩ ጸሐፊ ለሰላም ሲባል ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ ያቺን ተራ አስቀርቶ ወረቀቱን ጻፈ። ጸሐፊው በየነ አያሌው ነው፤ በእኅቱ ደመወዝ ታይፕ የተማረው በየነ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። «በየነ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት። ለተቀመጡት ወረቀቱን ማደሉን ቀጠለ።

ከዚያም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከመክፈቻው ጸሎት ጀምሮ እስከ መዝጊያው እጃቸውን አውጥተው ቆዩ። ቀኙ ሲዝል በግራው ይተኩ ነበር። ዕድል የሰጣቸው የለም። በቀጣዮቹ ዓመታትም እንዲሁ አደረጉ፤ በድምሩ ዘጠኝ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤውን የያዘው በየነ እጃቸውን እያየ አንድም ጊዜ አልመዘገበውም።

አዳራሹን ሲያጡ ልጆቹን በስፌት መኪናቸው ዙሪያ አዋሏቸው። በአሥራ አንድ ልጅ ጀምረው ሃያ ሦስት ደረሱ። ከእኛው መሐል ለአከራዮቻቸው ወሬ የሚያቀብል ስላልጠፋ ሦስት ጊዜ ቤት ለቀቁ፤ ልጆቹም አብረው ተጓዙ። ሪያድ ድረስ እየሄዱ የየቪላውን እመቤት በር አንኳኩተው፣ ሠራተኞቹ ማታ ማታ ወደ ልጆቻቸው እንዲመለሱ ተሟገቱ። ብዙዎቹ በሩን ዘጉባቸው፤ አራት እሺ አሉ። ከሳሊህ ሞት በኋላ በእሳቸው እጅ ከነበሩት ልጆች አንድም አልሞተም።

በ2001 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በወግ «በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባላል። የረዳቸው ማኅበሩ አይደለም፤ ከሪያድ በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ እየመጣች ገላቸውን ያጠበችው ሬሕማ ናት። በየነ በመጨረሻው ሳምንት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። «እኔን ምን አደረግኸኝ? ለልጆቹ ንገራቸው» አሉት። ጥቅምት 11 ቀን 2002 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

አስከሬናቸው በዚህ አዳራሽ ዐርፏል። አሥራ አምስት ዓመት የለመኑት በር ዛሬ ወለል ብሎ ተከፈተላቸው፤ ማራገቢያዎቹም ይዞራሉ። ሊቀ መንበሩ ይህን ጽሑፍ ትናንት አይተው የሳሊህ ስም ከውስጡ እንዲወጣ አዘዋል። አልወጣም።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ከኋላ የቆሙትን ሃያ ሦስት ልጆች፣ ከነሱም አሁን አሥራ አምስት ዓመት የሞላትን ኒዕማን፣ እንዲሁም ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውንና አሁን የሚያነበውን ወንድማቸውን በየነን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ለመሰማት እጅ ማውጣት በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን።

የአዳራሹ ቁልፍ በጸሐፊው በበየነ ኪስ ነው፣ ማንም አይዘጋውም፤ ሣጥኑን የሚሸከሙት ጥቂት ይታገሡ። የዛሬው ፕሮግራም አንድ ተራ ይቀረዋል፤ «ልዩ ልዩ»። ኒዕማ እጇን አውጥታለች።