ቴሌቪዥኖቹን ያለበስንበት ቀን

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዱ ወንድሜ ለሙኒር፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የሮተርዳም ብርድ ጀመረ ወይ? ያ የሰጠሁህ ሹራብ እስካሁን አልተበሳም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባን ብቻ ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል፤ «ደረጃው ነው ያረጀው» ይላሉ። ይህን ሁሉ በቴሌግራም ልጽፍልህ ጀምሬ ደጋግሜ አጠፋሁት። የኮሌጁ መምህርት ሮሆቦት ለስብሰባ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁልህ። ተቀመጥና አንብበው።

መጀመሪያ ነገር፣ እንዳትቆጣ። ስለ ሥራህ ለሚታተመው መጽሐፍ ያዘዝኸኝ፣ ፊልምህ በኮሌጁ አዳራሽ በብዙ ቴሌቪዥን ሲታይ የተነሳው ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አለ። አዎ፣ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉም ተሸፍነዋል። አዎ፣ «ማንም እንዳይነካቸው» ብለህ አስጠንቅቀኸኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የጅማን ሰው ታውቀዋለህ።

እንዳልከው አዲስ አልገዛንም፤ እነዚያን ከኋላቸው የሚያብጡትን አሮጌ ቴሌቪዥኖች ከየቤቱ ለምነን ሰበሰብን። ጎረቤታችን ፈሂማ የራሷን ከነዳንቴሉ አመጣች። እሷን ያየ ሁሉ ዳንቴሉን አጥቦ፣ ተኩሶ መጣ፤ ቴሌቪዥንን ራቁቱን ይዞ በመንገድ ማለፍ ነውር ሆነ። የኮሌጁ አዳራሽ ሙሽራ የሚጠብቅ መሰለልህ!

ፊልምህ እንደሚታይ ለአባባ ግን አልነገርኳቸውም። በምን አፌ? ያ ፊልም እኮ ከቤት ያስወጣህ ፊልም ነው። ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ በተዋስከው ካሜራ፣ ሸቤ፣ እኛው ማሳ ላይ፣ በማስጫ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስትቀርጽ የመጣው ዝናብ። አባባ ከገበያ ሲመለሱ ያገኙት የራሰ ቡናና ካሜራ የያዘ ልጅ ነበር። «ቡና ላይ ሲዘንብ ቆሞ የሚያይ ልጅ የለኝም» አሉ። አንተም በዚያው ወጣህ። እማዬ እስክትሞት ድረስ «ልጁ ሮጧል፣ የመሸፈኛውን ላስቲክ አብሮኝ ጎትቷል» ብትላቸው «እናት ነሽ» ብለው አለፏት። ያ ፊልም በሰው አገር ስምህን አስጠራው። ሮሆቦትም «ከአገራችን ልጆች ቴሌቪዥንን እንደ ሥዕል ሸራ መጀመሪያ የተጠቀመው እሱ ነው» እያለች ተማሪዎቿን ታስተምራለች። አባባ ግን ስምህ ሲነሳ ወሬ ለመቀየር ስለ በሬ ይጠይቃሉ።

ወሬው ለካ መስጊድ ደርሷል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አባባ ቡሉኳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ አዳራሹ ገቡና ፊት ለፊት፣ የፈሂማ ቴሌቪዥን ጋ ተቀመጡ።

ፊልሙ ተጀመረ። በሁሉም የቴሌቪዥን መስኮት ያው የተሰጣ ቡና፣ ቡና፣ ቡና።

«ስንተኛ ክፍል ነው?» አለች ፈሂማ።

«ክፍል የለውም» አልኳት።

«ሰውየው መቼ ይገባል?»

«ሰው የለውም፣ ዝም ብለሽ እዪ!»

«ታዲያ ቡናው ነው የሚያገባው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ አልሳቁም። «ስጡ ዳር ዳሩ ወፍሯል» አሉ ቀስ ብለው። «አልተገላበጠም።» ከኋላ የነበሩት የሸቤ ሰዎችም «ልክ ነው፣ አልተገላበጠም» አሉ። ሮሆቦት ስለ ጊዜና ስለ ትዕግሥት የምትናገረውን ማን ሰምቷት!

ከዚያ መስኮቶቹ ሁሉ ጨለም አሉ። ደመና። ቡናው ላይ ጠብ፣ ጠብ።

ሙኔ፣ ማን ቀድሞ እንደተነሳ አላየሁም። «ቦካን ዱፌ! ዝናብ መጣ!» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ወላሂ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማንም ቡና ይሁን፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ መሸፈን የለመደ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል? ዳንቴሉን አንስቶ የሚያለብሰው፣ ነጠላውን የሚጥለው፣ ጃኬቱን የሚያወልቀው! ፈሂማ እንኳ ሻሿን ፈትታ ሰጠች። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አባባ ቡሉኳቸውን የፈሂማ ቴሌቪዥን ላይ ጥለው፣ ነፋስ የሚወስድባቸው ይመስል በሁለት እጃቸው ጫፉን ያዙ። ያን ጊዜ ሁሉም ያደረገውን አየና መሳቅ ጀመረ።

ሳቁን ያቆመችው እማዬ ናት።

ከዳንቴሉና ከነጠላው ሥር፣ ከሁሉም ቴሌቪዥን፣ «ሙኒር! ላስቲኩን! በዚያ በኩል ሳበው!» የሚለው ድምፅዋ ወጣ። ከዚያ ያንተ፣ ያ ገና ያልጎረነነው፣ «ያዝኩት እማ! ያዝኩት!»

አባባ የቡሉኮውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔም በትከሻቸው በኩል አየሁ። ካሜራው መሬት ላይ ወድቋል፤ የሚታየው ጭቃ፣ የእማዬ ቀሚስ ጫፍና እየተንሸራተተ የሚሮጥ እግርህ ነው። አንዱ ጫማህ የለም። እስከ መጨረሻው፣ መስኮቱ ጥቁር እስኪሆን ድረስ፣ ጎንበስ እንዳሉ አዩት። ያ ጉልበት እንዴት እንደቻለላቸው አላህ ይወቅ።

«ሮጦ ነበር እንዴ?» አሉ። ማንንም አልነበረም የጠየቁት።

ሮሆቦት እንደነገረችኝ በውጭ አገር የሚታየው አጭሩ፣ ዝናቡ ሲጀምር የሚያበቃው ነው። ለእኛ ሙሉውን ለምን እንደላክህ አልጠይቅህም፣ ወንድሜ።

አባባ ቴሌቪዥኑን ለፈሂማ አልመለሱላትም። «ድራማዬ አመለጠኝ» እያለች ስታለቃቅስ ሰነበተች፤ ማታ ማታ እኛ ቤት መጥታ ፊልሙን ስንከፍት እማዬን ትሰማለች፣ ድራማውን ረስታዋለች።

አባባ ሰሞኑን ሸቤ ናቸው፤ የተሰበሩትን የማስጫ አልጋዎች እያስጠገኑ ነው። ትናንት ስሄድ ሚስማር በአፋቸው ይዘው፣ «ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ የዘንድሮ ሰማይ አይታመንም። ላስቲኩን በወዲያ በኩል የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«ለማን?» አልኳቸው፣ እያወቅሁ።

ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «ለሚሮጠው።»

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ የእማዬ ዱዓ ከፊትህ ይቅደም፤ በሰላም አይን ለአይን ያገናኘን።

እህትህ ዙቤይዳ

ሌላም ብለዋል፣ ልረሳው ነበር። ካሜራውን ይዞ ቢመጣ ግድ የለም፣ ላስቲኩ እስኪታሰር ድረስ ግን መሬት ያስቀምጠው፣ አሉ።